አፍ ይሆነኛል ያለችው

ናዝሬት ሁለተኛ ልጇን ለመውለድ የተዘጋጀችው ቤት እንደሚሠራ ሰው ነበር፤ ጠይቃ፣ አስልታ፣ ያሰበችውን አፍርሳ፣ እንደገና ጀምራ። ሰፈር ውስጥ "ፈሪ ናት" ያሉ አልጠፉም። ይበሉ። ወሬ ቀረጥ የለበትም፣ በተለይ ጅጅጋ ውስጥ። ፈሪ አለመሆኗን ግን ያየ ያውቃል።

የመጀመሪያ ልጇን ኤቢን የወለደችው ከድሬዳዋ ወዲያ ባለችው በአዲጋላ ነው። ባሏ ሀብተየስ የአንድ መንገድ ሥራ ተቋራጭ ንብረት ክፍል ሠራተኛ ሆኖ እዚያ ተመድቦ ሳለ፣ ቀኗ ሳይደርስ ምጥ መጣ። ያን ሰሞን ጎርፍ መንገዱን በልቶት ስለነበር ወደ ድሬዳዋ የሚወስዳት መኪና አልተገኘም። ምጡ ፀሐይ አወጣ፣ ፀሐይ አጠለቀ፣ መልሶ አወጣ። ቢሻሮ የምትባል ጎረቤታቸው ከኋላዋ ተቀምጣ፣ ደግፋ ይዛት፣ በሶማሊኛ ስታባብላት ቆይታ፣ ልጁ ሲወለድ ሁለቱም እኩል ደክመው ነበር። ልጁ ደህና፣ እናቲቱ ደህና፣ እሰየው ተባለ። ደህና ማለት አለመሞት ከሆነ፣ አዎ፣ ደህና ነበረች። ከዚያ በኋላ ግን ለብዙ ወራት ሌላ ሴት ስታቃስት ከሰማች ላብ ያጠምቃት ነበር።

ሀብተየስ ያኔ ውጪ ሆኖ፣ ግንባሩን የቤቱ ቆርቆሮ ግድግዳ ላይ ደግፎ ሁሉንም ሰምቷል። ሲያስገቡት እግሯን ይዞ ተንሰቀሰቀ። "ሁለተኛ እንዲህ አትሆኚም፣ እኔ ቆሜ" አላት። ናዝሬት ይህን አልረሳችም። በዚያ ሰዓት የተነገራትን የምትረሳ ሴት ካለች እኔ አላውቃትም።

ሁለተኛው ሲረገዝ ጅጅጋ ተመልሰው፣ በእናቷ በወይዘሮ ጥሩነሽ ግቢ ውስጥ ክፍል ይዘው ይኖሩ ነበር። ናዝሬት የአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት። በዚያን ጊዜ ወደ ቶጎጫሌ በሚያስወጣው መንገድ ላይ አንድ አዲስ የእናቶች ሆስፒታል ተከፍቶ፣ "ከወገብ በታች የሚያደነዝዝ መርፌ አላቸው፣ ሴቲቱ እየተጫወተች ትወልዳለች" የሚል ወሬ ከተማውን አዳርሶት ነበር። አብሮ አደጓ ነስራ ደግሞ እዚያው አዋላጅ ሆና ተቀጥራለች። ነስራና ናዝሬት ያደጉት በአንድ የግንብ አጥር ግራና ቀኝ ነው፤ አንዷ በኢድ፣ ሌላዋ በፋሲካ፣ በዚያ አጥር ላይ ሳህን እያሻገሩ ነው የኖሩት።

ናዝሬት መጠየቅ የጀመረችው ከቢሮ ነው። አብራት የምትሠራው ኩልሱም የብዙ ልጆች እናት ናት።

"አንቺ ሁሉንም ያለ ምንም ነው የወለድሽው። ምን ትመክሪኛለሽ?" አለቻት።

ኩልሱም የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። "ሰዉ ጎበዝ ይለኛል። አቦ፣ ማን አማርጦኝ? ያኔ መርፌ ቢኖር ከነሲሪንጁ እውጠው ነበር።"

ተሳሳቁ። ናዝሬት ግን በሳቅ የምትወስን ሰው አይደለችም። ለክትትል በሄደችበት ቀን ነስራ የማደንዘዣ ባለሙያውን አገናኘቻት። ዴቅ ይባላል፤ ቀጭን፣ ዝግ ብሎ የሚናገር፣ ሰው ጠይቆ ሳይጨርስ የማይመልስ ሰው ነው።

"ወላሂ አልዋሽሽም እህቴ" አላት። "ሕመሙን ይይዝልሻል። ግን እንዲሁ በባዶ አይደለም። የደም ግፊት ሊያወርድ ስለሚችል አጠገብሽ ሆነን እየለካን ነው የምንሰጥሽ። አንዳንዷን ራስ ምታት ይዟት ይሰነብታል። እግርሽ ይከብዳል፣ የምትገፊበት ጊዜም ሊረዝም ይችላል። ያለ መርፌ መውለድም መጥፎ ነገር አይደለም። ቶሎ ትነሻለሽ፤ ሰውነትሽ ግፊ ሲልሽ ትሰሚዋለሽ።"

"ወገብስ? ዕድሜ ልክ ወገብ ይይዛል ይላሉ።"

"የተወጋው ቦታ ለጥቂት ቀን ሊያም ይችላል። ዕድሜ ልክ የሚሉትን ግን ሐኪሞች ባጠኗቸው ሴቶች ላይ አላዩትም። ሳትወጋም ወገቧን የሚያማት ሴት ሞልታለች፤ ልጅ ታዝላለች፣ ውሃ ትሸከማለች።"

ናዝሬት ይህን ይዛ ከራሷ ጋር ስትሟገት ከረመች። እውነቱን ለመናገር ያለ መርፌ መውለዱም ልቧን ይስበው ነበር። ኤቢ የወጣባት ቅጽበት፣ ከዚያ ሁሉ ስቃይ በኋላ ድንገት የመጣው ቅለት፣ ደረቷ ላይ ያረፈው ሙቀት፣ በምንም የማትለውጠው ነገር ነው። ያንን ደንዝዛ እንዳታሳልፈው ትሳሳለታለች። አንድ ቀን "ይቅርብኝ" ትላለች። በማግስቱ አዲጋላ ትመጣባትና "አይቅርብኝ" ትላለች። እናቷም መርፌ የሚባለውን ሲሰሙ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። "ሴት ልጅ ስትወልድ ሊሰማት ይገባል። እኔ አንቺን ስወልድ ጎረቤት እንኳ አልሰማም" ይላሉ። ይህን ሲሉ የሚኮሩት ኩራት፣ እግዜር ይይላቸው፣ አንዳች ሽልማት የተሸለሙ ነው የሚያስመስላቸው።

በመጨረሻ ናዝሬት መሐከለኛውን ያዘች። ያለ መርፌ ትጀምራለች፤ እስከቻለች ትሄዳለች። እንደ አዲጋላው ከሆነባት ግን መርፌው ይሰጣታል። ከዚህ የተሻለ ምን ይወሰናል?

አንድ ነገር ብቻ ይከነክናት ነበር። በእናቷ ቤት፣ በሰፈሩም፣ የምጥ ሰዓት ቃል አይያዝም። ያማጠች ሴት ባሏን ትሰድባለች፣ "ግደሉኝ" ትላለች፣ "ሁለተኛ ብወልድ" ብላ ትምላለች፤ ማንም አይቀየማትም። ናዝሬት ራሷ አዲጋላ ላይ ሀብተየስን ከነዘር ማንዘሩ የስድብ መዓት አውርዳበት፣ በኤቢ ክርስትና ዕለት ሁሉም እየሳቀ ተጫውቶበታል። ደግ ልማድ ነው። ነገር ግን በስድቧ የማይያዝ ቃል በልመናዋም አይያዝም። "መርፌውን ስጡኝ" ብትል "ምጡ ነው የሚያናግራት" ብለው ሊያልፏት ነው። ከእናቷ አፍ ይህችን ስንቴ ሰምታታለች።

ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የጅጅጋ ነፋስ አቧራውን በሩ ላይ ሲያራግፍ፣ ሀብተየስን ፊት ለፊቷ አስቀመጠችው።

"ስማኝ። አሁን ምንም አላመመኝም፣ ራሴንም አልሳትኩም። በጤናዬ ነው የምነግርህ።"

"እሺ" አለ፤ ስልኩን ገልብጦ አስቀመጠ።

"ያን ዕለት እኔን አይሰሙኝም። አንተን ይሰሙሃል፣ ባል ነህ። በቃኝ ያልኩህ ሰዓት አፌ አንተ ነህ። ሄደህ ለዴቅ ትነግረዋለህ። አትጨምርበት፣ አትቀንስበት።"

"ናዝዬ፣ አዲጋላ ላይ ሲሰማ የነበረው ጆሮ እኮ የእኔ ነው" አላት። "ማንንም አላስፈቅድም። አንቺ በቃኝ በዪ እንጂ ሌላው የእኔ ነው።"

አመነችው። ለምን አታምነው? ከተረገዘ ጀምሮ እንደዚያ ሌሊት ተኝታ አታውቅም።

ምጡ ዓርብ ጠዋት መጣ። በባጃጅ ሄዱ፤ እሷ፣ ሀብተየስና ወይዘሮ ጥሩነሽ። ነስራ በር ላይ ተቀበለቻቸው። "አብሽሪ፣ ዛሬ ተረኛዋ እኔ ነኝ" ብላ ክንዷን ይዛ አስገባቻት። ሀብተየስ "ካርድ ላውጣ" ብሎ ወደኋላ ቀረ፤ እናቷም ተከተሉት። ናዝሬት ልብ አላለችውም።

ጠዋቱ ደህና ነበር። ኮሪደሩን እየተመላለሰች፣ ሲመጣባት ግድግዳ ይዛ እየተነፈሰች፣ ሲለቃት ከነስራ ጋር ስለ ልጅነታቸው እየቀለደች ቆየች። እንዲያውም "ያለ መርፌ ልወጣው ነው መሰለኝ" አለች። ነስራ ሳቀችና "ኢንሻአላህ" አለቻት። የምጥ ሰዓት ቃል አይያዝም የሚሉት ሰዎች ይህቺን ቃል ግን ጥርቅም አድርገው ያዟት።

ወደ ቀትር ገደማ ውሃዋ ፈሰሰ፣ ነገሩም ተለወጠ። ሕመሙ ከወገቧ እየተነሳ ሆዷን ዞሮ ሲይዛት መተንፈሻ አጣች። ከአንዱ ምጥ እስከ ሌላው የነበረው ፋታ ጠፋ። አዲጋላ ራሷ ናት የመጣችው፤ ያው ላብ፣ ያው ጨለማ ዓይኗ ላይ። ሀብተየስ አጠገቧ ነበር። እጁን ይዛ ወደ ራሷ ሳበችው።

"በቃኝ። ሂድና ንገረው።"

"እሺ፣ እሺ" ብሎ ወጣ። ሲመለስ "ነግሬዋለሁ፣ ይመጣል" አላት።

ናዝሬት በሩን ማየት ጀመረች።

"ዴቅ ለጁምዓ ሶላት ወጣ ብሏል፣ አሁን ይደርሳል" አለች ነስራ፣ ጓንቷን እያጠለቀች።

መጠበቅ ደግሞ የራሱ ስቃይ አለው። ሰው እርዳታ እንደማይመጣ ካወቀ ጥርሱን ነክሶ ይገባበታል። ይመጣል የተባለ ግን ሁለት ሥራ ነው ያለበት፤ መታመምም በሩን ማየትም። ናዝሬት እያንዳንዱን ምጥ "ይሄ የመጨረሻው ነው፣ ከዚህ በኋላ ይወጉኛል" እያለች ተቀበለችው። ከውጪ የመስጊዱ ድምፅ አበቃ። የባጃጆቹ ጥሩንባ ተመለሰ፣ ሰው ከሶላት ወጥቶ ሲጫወት በመስኮቱ ተሰማ።

"ሶላቱ አልቋል እኮ" አለች።

"መድኃኒቱን ከመጋዘን እያስወጣ ነው" አለች ነስራ።

"ሀብተየስ፣ ነገርከው?"

"ነግሬዋለሁ አልኩሽ እኮ፣ ናዝዬ። ትንሽ ቻይው።" ይህን ሲላት አላያትም፤ መሬት መሬቱን ነበር የሚያየው። ናዝሬት ለእሷ አዝኖ መሰላት። እንዲያውም፣ ጉድ በሉ፣ በዚያ ጣሯ መሐል አሳዘናት።

ወይዘሮ ጥሩነሽ ራስጌዋ ቆመው በነጠላቸው ጫፍ ላቧን ይጠርጋሉ። "ማርያም፣ ማርያም በዪ ልጄ።"

"እማዬ፣ በሞቴ፣ አንቺ ንገሪያቸው። አልቻልኩም።"

"አይዞሽ፣ ምጡ ነው፣ ምጡ ነው የሚያናግርሽ።"

ለመነች። አለቀሰች። የነስራን ልብስ ይዛ "አንቺ እንኳ" አለቻት። እንዲህ ሲል ሲል ጊዜው ሄደና ነስራ ጎንበስ ብላ አይታ ቀና አለች። "አሁንማ ደርሷል፣ ራሱ እየታየኝ ነው። የመርፌው ጊዜ አልፏል። በይ፣ ከእኔ ጋር ግፊ።"

ገፋች። ሌላ ምን ምርጫ ነበራት? ልጅቷ ስትወጣ፣ ያ የሳሳችለት ቅጽበት መጣና አለፈ፤ ናዝሬት ዓይኗ አሁንም በሩ ላይ ስለነበር በቅጡ እንኳ አላገኘችውም። ሲያስታቅፏት ነው ልጅ መውለዷን ያወቀችው።

ወይዘሮ ጥሩነሽ እልልታውን አቀለጡት። ሀብተየስ የልጅቷን ግንባር ስሞ፣ ለዘመድ ሊደውል ወደ ኮሪደሩ ወጣ። "ያለ መርፌ!" አሉ እናቷ ለነስራ፣ ናዝሬት የሌለች ይመስል። "የእኔ ልጅ አይደለች?"

በሩ ተንኳኳና ዴቅ ብቅ አለ።

"ማሻአላህ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ሥራዬን ቀማሽኝ አይደል" አላት ፈገግ ብሎ።

"ምን ላድርግ፣ ሶላት ደረሰብህ" አለችው ናዝሬት። ቂም አልነበራትም።

"ሶላትማ እዚሁ ግቢ ነው የሰገድኩት። እቃዬን አዘጋጅቼ ከጠዋት ጀምሮ ከዚህ ቀጥሎ ካለው ክፍል አልራቅሁም፤ ምናልባት ብትፈልጊኝ ብዬ። ካርድ ስታወጡ ባልሽ መጥቶ ነው 'ሐሳቧን ቀይራለች፤ ሲጠናባት ብትጠይቅም አትስጧት፣ ተስማምተንበታል' ያለኝ።"

ነስራ ትሪው ላይ ያሉትን መቀሶች ደርድራ እንደገና ደረደረቻቸው።

"እኔን ለምን አልጠየቅከኝም?" አለች ናዝሬት።

የዴቅ ፈገግታ ጠፋ። ወደ ነስራ ተመለከተ፣ ነስራ ቀና አላለችም። "ባል ነው እኮ፣ እህቴ። እናትሽም አብረውት ቆመው ነበር። ባልና እናት አይሆንም ካሉ እኛ አንወጋም። ነገ አንድ ነገር ቢመጣ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ በር ላይ ነው የሚሰለፈው።" ድምፁን ዝቅ አድርጎ "መጠየቅ ነበረብኝ" አለ። በሩን ቀስ ብሎ ዘግቶ ሄደ።

"ነስራ።"

"ጠዋት 'ያለ መርፌ ልወጣው ነው' አላልሽም?" አለች ነስራ። "ደግሞ እትዬ ጥሩነሽን እንዴት እምቢ ልበላቸው? በእጃቸው በልቼ ያደግሁ ሰው ነኝ።"

"ሶላት ሄዷል ያልሽኝስ?"

"ተስፋ እንዳትቆርጪ ብዬ ነው።"

ተስፋ እንዳትቆርጪ። እንግዲህ ይህን ስሙልኝ። ሴትዮዋን በተስፋ አስረው ስታምጥ አውለው፣ ጭራሽ ውለታ ሊያስቆጥሩባት።

ወይዘሮ ጥሩነሽ ነጠላቸውን አጣፉ። "እሷን ምን ትነዘንዣታለሽ? እኔ ነኝ። ባልሽንም አስቀምጬ የመከርኩት እኔ ነኝ። ወገብሽን ሰብረው ቢሰጡን እነዚህን ልጆች ማን ሊያሳድግ ነው? ይኸው በሰላም ተገላገልሽ። ነገ ታመሰግኚኛለሽ።"

ናዝሬት እናቷን አየቻቸው። ተናደደችባቸው፣ ግን አልገረማትም። እናቷ አንድም ቀን መርፌውን እደግፍልሻለሁ ብለዋት አያውቁም። የነስራው ውስጧን አቃጠላት። የሀብተየስ ግን ሌላ ነው። "ነግሬዋለሁ" ያላት እውነቱን ነበር፤ ምን ብሎ እንደነገረው ግን ደበቃት፤ "ይመጣል" ያላት ደግሞ ነጭ ውሸት ነበር። እሷ በሩን ስታይ፣ እሱ በዚያ በር ማንም እንደማይገባ እያወቀ እጇን ይዞ ቆሟል። በወጣ በገባ ቁጥር የሚያደርገው ነገር አልነበረውም፤ ኮሪደሩ ላይ ጥቂት ቆሞ ይመለስ ነበር እንጂ። አዲጋላ ላይ ማንም አልዋሻትም። መንገዱ ተቆርጧል አሏት፣ ተቆርጦም ነበር። ይህ ግን ከአዲጋላ የባሰ ነው ብላ አሰበች፣ እውነቷንም ነው።

ነስራ ትሪውን ወደ አልጋው አስጠጋች። "ትንሽ ተቀድደሻል፣ መሰፋት አለበት። ማደንዘዣ ልውጋሽ፣ እሺ?"

ናዝሬት ጉልበቷን ገጠመች። "ሀብተየስን ጥሪው።"

"እሱ እዚህ ምን ያደርጋል?"

"ጥሪውና እሱን ጠይቂው። ለእኔ የሚናገረው እሱ አይደል?"

"ኧረ ልጄ፣ ነውር ነው" አሉ ወይዘሮ ጥሩነሽ። ናዝሬት ጉልበቷን አልከፈተችም። ነስራ ወደ በሩ ሄዳ ጠራችው።

ሀብተየስ ስልኩን በእጁ እንደያዘ፣ ፊቱ እንደበራ ገባ። የሴቶቹን ፊት ሲያይ የራሱም ጠቆረ። ነስራ ወለሉን እያየች ጠየቀችው። "ስፌት አለባት። ማደንዘዣ ልስጣት ወይ ነው የምለው።"

"ምን ይጠየቃል፣ ስጪያት እንጂ" አለ። ቶሎ ነው ያለው፣ ሳያስብ። ካለው በኋላ ናዝሬት ስታየው አየና የተናገረው ነገር ገባው።

"ናዝዬ" አለ። "ፈርቼ ነው። እናትሽ ስለ ወገብ ሲነግሩኝ፣ ሥራ ቦታም የሰው ሚስት ሽባ ሆነች ሲሉኝ... አንድ ነገር ብትሆኚብኝስ ብዬ ነው።"

"ፈርቻለሁ ብለህ ለምን አልነገርከኝም? አብረን እንፈራ ነበር።"

ሀብተየስ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ነስራ ወጋቻት። ትንሽ ቆነጠጣትና ተዋት። ቀስ በቀስ ቦታው ከበዳት፣ ከዚያ የእሷ መሆኑ ቀረ። ክሩ ሲገባና ሲወጣ፣ ሲሳብ፣ ሲቋጠር ይሰማታል፣ ሕመም ግን የለም። ከቀትር ጀምሮ የለመነችው ነገር እንዲህ ጸጥ ያለ፣ እንዲህ ቀላል ነገር መሆኑን ያን ጊዜ አወቀችና ሆድ ባሳት። እንባዋ በጆሮዎቿ በኩል ወደ ትራሱ ወረደ።

"አሁን ምን ያስለቅሳል?" አሉ እናቷ። "አልቋል እኮ።"

ሀብተየስ ጠጋ ብሎ እጁን ዘረጋላት። ናዝሬት ልጇን ደረቷ ላይ አስተካክላ በሁለት እጇ አቀፈቻት፤ ለእሱ የተረፈ እጅ አልነበራትም።